ሁለት ጠበቃ ይዘን ያየነው፦ ከአሠሪው ገንዘብ ወስዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተከሰሰ ሰው የትኛው አገልግሎት ይጠቅማል?

ይህን የምጽፈው ጠበቃ ለሚፈልጉ ቤተሰቦች ነው። በተለይ ልጃቸው፣ እህታቸው ወይም ወንድማቸው ከሚሠራበት ቤት ገንዘብ ወስዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርድ ቤት ለቀረበባቸው። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ትልቅ መደብር ካሸር ነበረች። ሒሳብ ጎደለ፣ ቆጠራ ተደረገ፣ ተያዘች። ገንዘቡን ወስዳለች። እሷም ፖሊስ ጣቢያ ቃሏን ስትሰጥ አልካደችም። እኔ ጉዳዩን ከጣቢያ ጀምሮ እስከ ቅጣት ውሳኔው ድረስ ከቤተሰቡ ጋር ተከታትያለሁ፣ መሃል ላይም ጠበቃ ቀይረናል፤ ስለዚህ የሁለቱንም አገልግሎት በአንድ መዝገብ ላይ አይቻለሁ። ስማቸውን አልጽፍም፣ የመደብሩንም አልናገርም። ልጅቷ ገና ኑሮዋን እያስተካከለች ነው።

ነጥቤን ቀድሜ ልስጥ። የመጀመሪያው ቢሮ ከአምስት አንድ። ሁለተኛዋ ጠበቃ ከአምስት አራት ተኩል።

ለምን እንዲህ እንደተራራቁ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ስለ ክሱ ትንሽ ልበል። ክሱ የቀረበው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675 ነው፣ እምነት ማጉደል። አምነው የሰጡህን ገንዘብ ወይም ዕቃ ለራስህ ስታደርግ ማለት ነው፤ ካሸር፣ ንብረት ክፍል፣ የሽያጭ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚከሰሰው በዚህ ነው። በእጅህ ያልነበረ የሌላ ሰው ዕቃ ስትወስድ ደግሞ ስርቆት ነው፣ አንቀጽ 665። ሁለቱም የሚያስቀጡት እንደ ነገሩ ክብደት በቀላል እስራት ወይም እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ነው። ቀላል እስራት በመርህ ደረጃ ከአሥር ቀን እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ይሄዳል። እንግዲህ ክፍተቱን ተመልከቱ። በዚያው አንቀጽ አንዱ ጥቂት ወር ይፈረድበታል፣ ሌላው አምስት ዓመት፣ ሌላው ደግሞ በገደብ፣ ማለትም እስራቱ ታግዶለት፣ ቤቱ ይገባል።

ይሄ ሁሉ ልዩነት የሚወሰነው ዳኛው «ጥፋተኛ ነሽ» ካሉ በኋላ ባለችው አጭር ጊዜ ነው። ዐቃቤ ሕግ የቅጣት አስተያየት ይጠየቃል፣ ተከሳሽ ማቅለያ ካለው ያቀርባል። አንዳንዴ እዚያው ችሎት ላይ፣ አንዳንዴ በአጭር ቀጠሮ። ወረቀቱ ቀድሞ ካልተዘጋጀ ጠበቃው ተነስቶ «ደንበኛዬ የቤተሰብ ኃላፊ ናት፣ ቅጣቱ ይቅለልልን» ብሎ ይቀመጣል። በቃ። እኛም ወደዚያ እየሄድን ነበር።

የመጀመሪያው ቢሮ ያምራል። ጥሩ ሕንፃ ላይ ነው፣ ጸሐፊ አለው፣ ቡና ይቀርብላችኋል። ጠበቃው አክስቴን «እናቴ፣ አይዞሽ፣ ነፃ አወጣታለሁ» አላት። እናት ይህን ስትሰማ ምን እንደምትሆን ታውቃላችሁ። ክፍያውን ግማሽ ቀድመን ከፈልን። ከዚያ በኋላ ግን እሱን ማግኘት ከባድ ሆነ። ቀጠሮ ላይ መዝገቡን ያላነበበ ወጣት ጠበቃ ይልካል። አንድ ጊዜማ ማንም አልመጣም፣ ልጅቷ ብቻዋን ቆማ «ጠበቃዬ አልመጣም» ብላ ቀጠሮ ተለወጠላት።

ከመቅረቱ የባሰው ምክሩ ነበር። ክሱን እንድትክድ ነገራት። ቃሏን ሰጥታለች፣ የቆጠራው ሰነድ አለ፣ የፈረመችባቸው ደረሰኞች አሉ፣ እሷም ማመን ትፈልጋለች። እሱ ግን ገንዘቡን ለምን እንደወሰደች እንኳ አልጠየቃትም። ልጅ አላት ወይ፣ ከዚህ በፊት የት ሠርታለች፣ የመመለስ አቅም አላችሁ ወይ፣ አንዱንም አልጠየቀም። «ገንዘቡን ብንመልስስ?» ስንለው «መመለስ ማመን ነው፣ እንዳትነኩት» አለን። ይህ ምክር ላልሠራ ሰው ትክክል ነው፤ ያልወሰደ ሰው ማንም ስላስፈራራው ገንዘብ መክፈል የለበትም፣ ሕገ መንግሥቱም ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ነው ይለዋል። ለወሰደችና ለአመነች ልጅ ግን ይሄ ምክር ትልቁን ማቅለያ ከእጇ ማውጣት ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ንዑስ አንቀጽ 1 (ሠ) በግልጽ ይናገራል፦ ከጥፋቱ በኋላ ከልቡ የተጸጸተ፣ በተለይም ጥፋቱን በማመን ወይም ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን በመካስ ጸጸቱን ያሳየ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል። ሰውየው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። ክርክሩ በረዘመ ቁጥር የሚጠቀመው ማን እንደሆነ አስቡት።

ውላችንን አቋረጥን። የከፈልነው አልተመለሰም፤ ውሉ ላይ «በደንበኛው ፍላጎት ቢቋረጥ ቀብድ አይመለስም» የሚል አለ። ከመፈረማችሁ በፊት ይህችን መስመር ፈልጉ።

ሁለተኛዋን ያገኘናት በጎረቤት ጥቆማ ነው። ልደታ አካባቢ ጠባብ ቢሮ፣ ፋይል የተቆለለበት ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። አክስቴ ገብታ ገና ማልቀስ ስትጀምር «እትዬ፣ ይቅርታ፣ መጀመሪያ ልጅቷን ብቻዋን ላናግራት» ብላ ሁላችንንም አስወጣችን። ረጅም ጊዜ ቆዩ። ስንመለስ እኛ እንኳ የማናውቀውን ነገር ሰምታለች።

ነገሩ ዕቁብ ነበር። ልጅቷ ዕቁብ ቀድሞ ደርሷታል፣ ለቤት ኪራይ ቅድሚያ ከፍላበታለች፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መዋጮ ግን መቀጠል አቃታት። አንድ ሳምንት ከካዝናው ወስዳ ከፈለች፣ ደመወዝ ሲገባ መለሰች። ማንም አላወቀም። በሚቀጥለው ወር እንደገና፣ ይህን ጊዜ ግን ሙሉውን አልመለሰችም። ከዚያ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ብዙው የሠራተኛ ጥፋት እንዲህ ነው የሚጀምረው ብዬ አስባለሁ፤ ወስዶ ለመጥፋት አስቦ ሳይሆን ነገ እመልሳለሁ ብሎ።

እኔ ይህን ስሰማ «በችግር ነው ያደረገችው» ብለን እንድንከራከር ፈለግሁ። ሕጉም ከባድ ችግር ላይ ሆኖ ያጠፋን ሰው ያቀልለታል። ጠበቃዋ እምቢ አለች። «ችግር ነበረባት፣ ግን ሕጉ የሚለው ዓይነት ከባድ ችግር አይደለም፤ ደመወዝ ነበራት፣ ልጇም አልተራበችም። የሌለ ረሃብ ለፍርድ ቤት አልናገርም። አንዱ ውሸት ከተያዘ እውነቱም አይታመንልንም» አለችን። እዚህ ጋ ነው ያመንኳት። ደንበኛዋ ፊት እንዲህ ብላ የምትናገር ጠበቃ፣ ዳኛ ፊት ስትቆምም ቃሏ ክብደት አለው።

ከዚያ ሥራ ሰጠችን። መጀመሪያ ገንዘቡ። አክስቴ ወርቋን ሸጠች፣ ወንድሞቿ አዋጡ፣ እኔም የቻልኩትን ጨመርኩ። ሙሉው አልሞላም፣ አብዛኛው ግን ሞላ። ጠበቃዋ በእጅ እንዳንሰጥ አጥብቃ ነገረችን፤ በአሠሪው የባንክ ሒሳብ እንዲገባና ደረሰኙ ላይ ለምን እንደተከፈለ እንዲጻፍ አደረገች። ቀሪውን በየወሩ እንደምትከፍል በጽሑፍ ተፈራረሙ።

ሽማግሌም ላክን። አሠሪው በመጀመሪያ ፊት ነሳቸው። አልፈርድበትም። ሱቁን ቆልፋ ቁልፉን ይዛ የምትሄደው እሷ ነበረች፤ እንደ ልጁ ነበር የሚያያት። ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ነው ያሳመመው። ልጅቷ ራሷ ሄዳ እግሩ ላይ ወድቃ ይቅርታ ከጠየቀች በኋላ ነው የለሰለሰው። በመጨረሻ ምን ያህል እንደተመለሰለት የሚገልጽና ቅጣቱ ቢቀልላት ተቃውሞ እንደሌለው የሚናገር ደብዳቤ ጻፈ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ አሠሪው «ትቻለሁ» ስላለ ክሱ አይዘጋም። እምነት ማጉደልም ሆነ ስርቆት እንዲህ ባለ ጉዳይ በግል አቤቱታ ብቻ የሚንቀሳቀስ ወንጀል አይደለም፣ ዐቃቤ ሕግ ይቀጥላል። እርቁ የሚጠቅመው ለቅጣቱ ነው።

ሦስተኛው ወረቀት ነው። ከዚህ በፊት የወንጀል ሪከርድ እንደሌለባት ከፖሊስ በአሻራ የተረጋገጠ ማስረጃ። ከቀድሞ አሠሪዋ የሥራ ልምድና የጠባይ ምስክርነት። የልጇ የልደት የምስክር ወረቀት። በማታ የምትማርበት ኮሌጅ ያወጣው ማስረጃ። አክስቴ ከዕድሩም፣ ከደብሩም፣ ከዘመድም ደብዳቤ ልትሰበስብ ተነስታ ነበር፤ ጠበቃዋ አስቆመቻት። «ዳኛው የሚፈልጉት የሚረጋገጥ ነገር ነው። የዘመድ ደብዳቤ ሁሉም ያመጣል።»

አሁን ወደ ችሎቱ። ልጅቷ ክሱን አመነች፣ ጥፋተኛ ተባለች። ዐቃቤ ሕጉ ማክበጃ ጠየቀ፦ የተጣለባትን እምነት አላግባብ ተጠቅማለች፣ ስለዚህ በአንቀጽ 84 ንዑስ አንቀጽ 1 (ለ) ቅጣቱ ይክበድ አለ። ለእኔ ትክክል መስሎኝ ነበር፤ አምነዋት አይደል እንዴ? ጠበቃዋ ተነስታ የመለሰችው አጭር ነው። እምነት ማጉደል ማለት ራሱ የተጣለን እምነት አላግባብ መጠቀም ነው፣ የወንጀሉ አካል ነው፤ ይኸው አንቀጽ 84 በንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ሕጉ ወንጀሉን ለማቋቋም የተጠቀመበትን ምክንያት ፍርድ ቤቱ ለማክበጃ እንደገና ሊይዘው አይችልም ይላል። ፍርድ ቤቱ ተቀበላት። ይህን ክርክር የማያነሳ ጠበቃ ይዛችሁ ከሆነ፣ ልጃችሁ በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ እየተቀጣ ነው ማለት ነው። አሠሪውን በከዳ ሠራተኛ ላይ ይህ የማክበጃ ጥያቄ ቢመጣ የሚገርም አይደለም፣ ስለዚህ ጠበቃችሁ መልሱን በኪሱ ይዞ መግባት አለበት።

ዐቃቤ ሕጉ ሌላም ነገር አንስቷል፤ ገንዘቡ የተወሰደው በአንድ ቀን ሳይሆን በወራት ውስጥ ነው አለ። እውነት ነው። ጠበቃዋም ይህን ለመሸፈን አልሞከረችም። ወራት ፈጅቷል፣ ግን አምናለች፣ አብዛኛውን መልሳለች፣ ቀሪውን እየከፈለች ነው፣ ከዚህ በፊት አንድም ጥፋት የለባትም ብላ ማስረጃዎቹን አንድ በአንድ አያያዘች።

የገንዘቡ መጠን፣ ማክበጃውና ማቅለያው የሚሰላው በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 ነው። እርከን የሚባል የቅጣት ደረጃ አለ፤ ተቀባይነት ያገኘ ማቅለያ እርከኑን ያወርዳል፣ ማክበጃ ያወጣዋል። ዳኛው በስሜት ብቻ አይወስኑም ማለት ነው። ይህ ጥሩም መጥፎም ጎን አለው። ጥሩው፣ ተመሳሳይ ጥፋት ያጠፉ ሰዎች በጣም የተራራቀ ቅጣት እንዳያገኙ ይረዳል። መጥፎው፣ በማስረጃ ያልቀረበ ማቅለያ በስሌቱ ውስጥ የለም። ልጅቷ የቱንም ያህል ብትጸጸት፣ ጸጸቷ በማመን ወይም በደረሰኝ ካልታየ እርከን አያወርድላትም።

ከዚያ ገደብ። ጠበቃዋ ይህን ለብቻው፣ በጽሑፍ ጠየቀች። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 191 ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ካለ በኋላ ቅጣቱን ሳይናገር በፈተና ጊዜ እንዲያቆየው ይፈቅዳል፤ ይህ ከዚህ በፊት ላልተቀጣና በመቀጮ፣ በግዴታ ሥራ ወይም ከሦስት ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ለሚያስቀጣ ጥፋት ነው። አንቀጽ 192 ደግሞ ቅጣቱ ተነግሮ አፈጻጸሙ እንዲታገድ ያደርጋል። የፈተናው ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ነው። ቅጣቱ ከአምስት ዓመት በላይ ጽኑ እስራት ከሆነ ግን ገደብ የለም። ገደብ የሚሰጠው ሰው መልካም ጠባይ ለማሳየትና የሚቻለውን ያህል ጉዳቱን ለመካስ ግዴታ ይገባል። እንግዲህ ወርቅ ተሽጦ የገባው ገንዘብ ሁለት ቦታ ሠራ ማለት ነው፤ እርከን ሲወርድም፣ ገደብ ሲጠየቅም።

የአንድ ዓመት ከሦስት ወር ቀላል እስራት ተፈረደባት፣ በሁለት ዓመት ገደብ። አክስቴ ችሎቱ ደጃፍ ላይ ተንበርክካ መሬት ሳመች።

«ሌባ ሌባ ነው፣ ይታሰር» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። በግሌም ብዙ ሰው ብሎኛል። እኔም ሱቅ ያላቸው ዘመዶች አሉኝ፣ ካሸር ሲከዳ ምን ያህል እንደሚያናጋ አይቻለሁ። አሠሪው በደል ደርሶበታል፣ ፖሊስ ጋ መሄዱም ትክክል ነው፤ ልጅቷን አስቆልፎ ሳያስደበድብና መታወቂያዋን ሳይቀማ በሕግ መሄዱን አከብርለታለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉም ያለ ማስጠንቀቂያ ከሥራ አሰናብቷታል፣ መብቱ ነው። ግን ልጅቷ ብትታሰር ቀሪውን ገንዘብ ማን ይከፍለው ነበር? ልጇንስ ማን ያሳድጋታል? ማረሚያ ቤት ገብታ ከወጣች በኋላስ ማን ይቀጥራታል? አሁን በሌላ ሥራ ላይ ናት፣ ገንዘብ የማትነካበት ሥራ። በየወሩ ትከፍላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቀ ሰው፣ ያመነ፣ የመለሰ፣ እንዲህ መያዝ አለበት ብዬ ከልቤ አምናለሁ። እያወቀ ደጋግሞ ለሚያጠፋ፣ የሰው ንብረት ይዞ ለሚሰወር ሌላ መንገድ አለ፤ ሕጉም ይለየዋል።

ወደ ጠበቃዋ ልመለስ፣ ግማሿን ነጥብ ለምን እንደቀነስኩ። ስልክ አታነሳም። ችሎት ላይ ስለምትውል ይገባኛል፣ ግን መልእክት እንኳ ማታ ነው የምትመልሰው፣ በጭንቀት ላይ ላለ ቤተሰብ ይሄ ከባድ ነው። ሌላው፣ ገደቡ ምን ማለት እንደሆነ ለልጅቷ በደንብ ያስረዳቻት ከውሳኔው በኋላ ነው። በፈተናው ጊዜ ሌላ ጥፋት ብታጠፋ ገደቡ ተነስቶ የታገደው ቅጣት ሊፈጸምባት ይችላል። ይህን ቀድማ ብትነግራት ይሻል ነበር፤ ልጅቷ ለጥቂት ቀናት ነገሩ ሁሉ ያለቀ መስሏት ነበር።

ክፍያዋ ከመጀመሪያው ቢሮ ግማሽ አይሞላም። በሦስት ተከፍሎ ነው የተዋዋልነው፤ ስንጀምር፣ ክሱ ሲሰማ፣ ቅጣቱ ሲወሰን። «ነፃ አወጣታለሁ» ብላ አንድም ቀን አላለችም።

ገንዘብ የሌላችሁስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ተከሳሽ ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲያገኝ ይላል። መጀመሪያ በቀረባችሁበት ችሎት «አቅም የለኝም፣ ተከላካይ ጠበቃ ይመደብልኝ» ብላችሁ ጠይቁ። ብቻ እዚያ ያሉት ጠበቆች ብዙ መዝገብ ነው የሚይዙት። ስለዚህ ከላይ የዘረዘርኳቸውን ወረቀቶች ራሳችሁ ሰብስባችሁ፣ በፎልደር አድርጋችሁ ስጧቸው። የባንክ ደረሰኙን ከላይ አድርጉት።

የግል ጠበቃ የምትይዙ ከሆነ ደግሞ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ጥፋተኛ ብትባል ለቅጣቱ ምን ታቀርቡልናላችሁ?» የመጀመሪያው ቢሮ ይህን ብንጠይቀው «እዚያ አንደርስም» ይል ነበር ብዬ እገምታለሁ። ሁለተኛዋ ሳንጠይቃት ወረቀት አውጥታ ጻፈችልን።

የእሷን ስልክ የሚፈልግ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጃታለሁ። ስትሄዱ የክሱን ኮፒና የቆጠራውን ሰነድ ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለዚያ በሌላ ቀን ኑ ትላችኋለች። ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል፣ ጠዋት ጠዋት ችሎት ናት።